ሻጩን «ኦርጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ቤት መጣ። አሥረኛ ክፍል ነው። መምህራቸው ድሬዳዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ኑ ብሏቸዋል። ልጁ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጠይቆ ሙሉ ገጽ አውጥቷል። «አቦ እስቲ እየው፣ አሪፍ ነው አይደል?» አለኝ።

አነበብኩት። አጻጻፉ በእርግጥም ያምራል። ዓረፍተ ነገሩ ይፈሳል። አንቀጹ ከአንቀጽ ተያይዟል። የፊደል ግድፈት እንኳ የለውም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ቆመ። «በነሐሴ ወር 2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደረሰው አሰቃቂ የጎርፍ አደጋ» ይላል።

ድሬ የኖረ ሰው ይህን ቀን አይስተውም። ውኃው የመጣው ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ቤት ከነቤተሰቡ ተጠርጎ ሄዷል። በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 6 ቀን 2006 ይሆናል። መሣሪያው የፈረንጁን ዓመት እንዳለ አምጥቶ «ዓ.ም.» ለጠፈበት። ኦገስትን ደግሞ «ነሐሴ» ብሎ ተረጎመው። ነሐሴ 1 የገባው ግን በማግስቱ፣ ኦገስት 7 ነው። ወሩም ዓመቱም ሳተ። የስምንት ዓመት ስህተት በአንድ ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ አለፈ።

ስነግረው ልጁ ደነገጠ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው ይህን ያስጻፈኝ። «እንዴት ይሳሳታል? አጻጻፉን አላየኸውም እንዴ?»

እሱ ብቻ አይደለም እንደዚህ የሚያስበው። አብዛኞቻችን የኤአይን መልስ የምንመዝነው በአጻጻፉ ነው። ለምን እንደሆነ፣ በምን ብንመዝነውስ እንደሚሻል ላስረዳ። የውጭ አገር ጉዳይ ሳነሳ «እ.ኤ.አ.» እያልኩ እጽፋለሁ። የዓመት መደባለቅ ምን እንደሚያስከትል አሁን አይታችኋል።

ድሬ ያደገ ሰው ዕቃ መመዘን ያውቃል። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ገብቶ ጫማ ሲገዛ ስፌቱን ይገለብጣል፣ ሶሉን ያጥፋል። ስልክ ከሆነ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል መትቶ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያስተያያል። ቀፊራ ገበያ ማንጎ የምትገዛ እናት ጫን አድርጋ ሳታይ ብር አታወጣም። ሻጩን «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ በመልሱ ብቻ የሚከፍል ግን የለም። መልሱ ምን እንደሆነ ይታወቃላ።

ለወሬ ግን ሌላ ሚዛን አለን። ሰውየውን ነው የምናየው። ማን ነው? ሲናገር ይደናቀፋል ወይስ ይፈስለታል? ጠለቅ አድርገን ብንጠይቀው ዝርዝሩን ያውቃል ወይስ ዞር ዞር ይላል? ይህ ሚዛን ለሰው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው አሳምሮ ያስረዳል። የማያውቅ ሰው ድምፁ ላይ ይታወቅበታል። ሁልጊዜ አይደለም። «አፈ ቅቤ» የምንለው ሰውም አለ፤ ስም የወጣለት ሰው ስለተጎዳበት ነው። ቢሆንም በዕለት ኑሯችን ንግግርና ዕውቀት አብረው ይሄዳሉ ብለን ነው የምንኖረው።

ኤአይ ላይ ሁለቱ ተለያይተዋል። ሲያውቅም ይፈስለታል፣ ሳያውቅም ይፈስለታል። ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ዓይኑን አይሰብርም።

ከሥር ያለው አሠራር ይህን ያስረዳል። ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይና ሌሎቹም የቋንቋ ሞዴል በሚባል ነገር ላይ የቆሙ ናቸው። ሞዴሉ ሲሠራ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጠዋል። በዚያ ላይ ደጋግሞ የሚለማመደው አንድ ነገር ነው፦ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የትኛው ነው? «ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ሲመጣ በ…» ብላችሁ ብታቆሙ ቀጥሎ የትኛው ቁጥር እንደሚስማማ ያሰላል። ብዙው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ 1902 ይቀድማል። የእኛው 1895 ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህ ላይ ሌላ ሥልጠና ይጨመርለታል፤ ዛሬ ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ፈልገውም ይመልሳሉ። መሠረቱ ግን ያው የሚስማማ ቃል ማስቀጠል ነው። የሚስማማውና እውነተኛው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ይሆናሉ። መሣሪያው የሚጠቅመንም ለዚህ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ግን ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም።

ታዲያ ካላወቀ ለምን «አላውቅም» አይልም? የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው የኦፕንኤአይ ተመራማሪዎች በሴፕቴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ አንዱን ምክንያት አስረድተዋል። ነገሩ ማትሪክ የተፈተነ ሁሉ የሚገባው ነው። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ጥያቄውን የማያውቀው ተማሪ ባዶ አይተወውም። አንዱን ያጠቁራል። ባዶ የተወ ዜሮ ነው፤ የገመተ ግን አንዳንዴ ያገኛል። ሞዴሎች የሚለኩባቸው ፈተናዎች ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው። «አላውቅም» ያለ ነጥብ አያገኝም። በድፍረት የገመተ ግን ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ መገመት የሚያዋጣው ፍጡር ነው ያሳደግነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ አንባቢዎቹ ልመለስ። ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም። እኛም የምንታለልበት መንገድ አለን፤ እሱም ተጠንቷል።

አንደኛው ርዝመት ነው። ኔቸር ማሽን ኢንተለጀንስ የተባለ መጽሔት ላይ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሰዎች የኤአይን መልስ ምን ያህል እንደሚያምኑ ለክቷል። ማብራሪያው ረዘም ሲል ሰዎቹ ይበልጥ አመኑ። መልሱ ትክክል የመሆን ዕድሉ ግን ስለረዘመ አልጨመረም። ብዙ ያወራ ብዙ ያወቀ ይመስለናል ማለት ነው። እኔም በራሴ አይቼዋለሁ። አንድ መስመር መልስ ሲሰጠኝ እጠራጠራለሁ። ያንኑ በአምስት አንቀጽ ሲሰጠኝ እቀበላለሁ።

ሁለተኛው አነጋገሩ ነው። ይህን የድሬና የሐረር ሰው ይበልጥ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ። እኛ ጋ አንቱታ ብዙ የለም። የጎረቤቴ ልጅ እኔን «አንተ» ነው የሚለኝ፤ ማንም ክፉ አይለውም። «እርስዎ» የምንሰማው ቢሮ ስንገባ ነው፤ ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ ደብዳቤ ላይ። ኤአይ ደግሞ በአማርኛ ሲመልስ ብዙ ጊዜ «እርስዎ» ይላል። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ይላል። ሳናውቀው የቢሮ ሰው ያናገረን ይመስለናል። ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዝን ይመስለናል።

ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። ሊን ሃሸርና ባልደረቦቿ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን ነገር፣ እውነትም ይሁን ውሸት፣ ይበልጥ እንደሚያምኑት አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ደግመው ሞክረው ያንኑ አግኝተዋል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የምንለው ይህን ነው። የቋንቋ ሞዴልም ተመሳሳይ ድክመት አለበት። ደጋግሞ የተጻፈውን ይዞ ነው የሚያድገው።

ለዚህ ሐረር ላይ ቁልጭ ያለ ምሳሌ አለ። ጁገል በሚባለው በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ባለ መስኮተ መስታወት የሚያምር ቤት ታውቁታላችሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። ንግድ ሠራ፣ ታመመ፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን ከእሱ ዘመን በኋላ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው የሠራው። የቱሪስት ጽሑፍ ሁሉ «የራምቦ ቤት፣ የራምቦ ቤት» እያለ ስለሚደግመው አንዱን መሣሪያ ስጠይቀው «ገጣሚው በዚህ ቤት ይኖር ነበር» አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው አለ። ሁለት መሣሪያ ስለተስማማ ሁለት ምስክር አገኘሁ ማለት አይደለም። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው። አንድ ወሬ ከሁለት ሰው አፍ ሰማሁ፤ የጀመረው ግን አንድ ሰው ነው።

ቋንቋውም ይጨመርበት። አማርኛ ኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ትንሽ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲኖረው የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ሐረሪ ቋንቋ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ መሣሪያው በአማርኛ ሲመልስ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ያነበበውን ነው ወደ እኛ የሚያመጣው። የደቻቱ ቀን የተበላሸው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ሰዓትም ይበላሻል። «ባቡሩ 8 ሰዓት ይነሳል» ቢላችሁ የማን 8 ሰዓት ነው? በአማርኛ የመጣ ማንኛውም ቀን፣ ዓመትና ሰዓት ሁለት ጊዜ ይታይ። ሁለት ቋንቋ የሚያነብ ሰው ያንኑ ጥያቄ በሁለቱም ይጠይቅ፤ መልሶቹ ከተለያዩ አንዱ ጋ ችግር አለ።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ።

ሰው የኤአይን መልስ ሲጠራጠር መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ራሱን ኤአይን ይጠይቀዋል። «እርግጠኛ ነህ?» ይለዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የሆነውን እዩ። አንድ ተሳፋሪ አውሮፕላን ውስጥ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ብሎ አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ከሰሰ። ጠበቃው በሙያው 30 ዓመት የሠራ ሰው ነው። ለክርክሩ የሚደግፉ የቀድሞ ፍርዶችን ቻትጂፒቲ እንዲያወጣለት አደረገ። መሣሪያው የተከራካሪ ስም፣ የፍርድ ቤት ስም፣ የመዝገብ ቁጥር ያላቸው ፍርዶች ሰጠው። ጠበቃው ጠርጥሮ «ይህ እውነተኛ መዝገብ ነው?» ብሎ ጠየቀው። «አዎ፣ እውነተኛ ነው» አለው። የሕግ መዝገብ ቋቶች ላይም እንደሚገኝ አረጋገጠለት። አንዱም አልነበረም። ዳኛ ኬቨን ካስትል ጠበቆቹን 5,000 ዶላር ቀጡ።

ጠበቃው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አልተሳሳተም። መጠርጠሩን ጠርጥሯል። የጠየቀው ሻጩን መሆኑ ነው ችግሩ።

በተቃራኒውም ይበላሻል። ትክክለኛ መልስ ሰጥቷችሁ «አይ፣ ተሳስተሃል» በሉት። ብዙ ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ መልሱን ይቀይራል። ከሞዴሎቹ ሥልጠና አንዱ ክፍል ሰው የወደደውን መልስ እንዲያበዙ የሚያደርግ ነው። ሰው ደግሞ የሚወደው የሚስማማውን ነው። በኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. ኦፕንኤአይ ራሱ አንድ ማሻሻያ ለቆ፣ ሞዴሉ ከመጠን በላይ ሽንጋይ ሆኖ ስለተገኘ በቀናት ውስጥ መልሶ አንስቶታል። ስለዚህ አጠያየቃችን ራሱ መልሱን ያጣምማል። «ይህ ዕፅ ስኳር በሽታን ያድናል አይደል?» ብሎ መጠየቅና «ይህ ዕፅ ስኳር በሽታ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም።

ከሻጩ ቃል ይልቅ የሚሻለው ጥያቄውን ቀይሮ በአዲስ ገጽ እንደገና መጠየቅ ነው። እኔ በሐረር በሮች ሞክሬዋለሁ። «የጁገል ግንብ ስንት በር አለው?» ብዬ ጠየቅሁ። አምስት አለኝ። ሌላ ቀን በሌላ አነጋገር ጠየቅሁ። ስድስት አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ስመለከተው ሁለቱም ከእውነት የመጡ ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ካሠሩት ግንብ ጋር የቆዩት በሮች አምስት ናቸው። ስድስተኛው ኋላ ላይ የተከፈተ፣ ዛሬ መኪና የሚገባበት ሰፊው በር ነው። መልሱ ሲወላውል የግድ ውሸት ነው ማለት አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ጥያቄ አለ ማለት ነው። «በየትኛው ዘመን?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ ይጠራ ነበር። መልሱ ሁለቴም ሦስቴም አንድ ሲሆን ደግሞ ትንሽ ልብ ይሰጣል፤ ማረጋገጫ ግን አይሆንም። የራምቦን ቤት አስታውሱ።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? ልጃችንን ልንድር ስንል ስለ ሙሽራው ሙሽራውን አንጠይቅም። ሰፈሩን ነው የምንጠይቀው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ ያደረጉት ጥናት ይህንኑ ነው ያገኘው። የታሪክ ሊቃውንትን፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችንና በሙያቸው መረጃ የሚያጣሩ ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጧቸው። ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ጠየቋቸው። ሊቃውንቱና ተማሪዎቹ ገጹ ላይ ቆዩ። በጥሞና አነበቡ፣ አርማውን አዩ፣ የድርጅቱን ስም አመኑ። ብዙዎቹ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ለቀው ወጡ። ሌላ ገጽ ከፍተው «ስለዚህ ድርጅት ሌሎች ምን ይላሉ?» ብለው ፈለጉ። በአጭር ጊዜ እውነቱ ላይ ደረሱ። ልዩነቱ የዕውቀት ብዛት አልነበረም። ከሻጩ ሱቅ ወጥቶ ጎረቤቱን መጠየቅ ነው።

ኤአይ ላይም ይሠራል። መልሱን አሥር ጊዜ ከማንበብ አንዱን ወሳኝ ነገር፣ ስም ወይም ቁጥር ወይም ቀን፣ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉት። ሊንክ ከሰጣችሁ ክፈቱት። ሊንኩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የተባለው ነገር እዚያ ውስጥ አለ ወይ? ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረትና ቢቢሲ በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። የ22 የሕዝብ ሚዲያ ድርጅቶች ጋዜጠኞች፣ በ14 ቋንቋ፣ የኤአይ ረዳቶች ስለ ዜና የሰጡትን መልስ ገመገሙ። ከመልሶቹ 45 በመቶው ቢያንስ አንድ ከባድ ችግር ነበረበት። 31 በመቶው ላይ ከባዱ ችግር የምንጭ ነበር፤ የጠፋ፣ የሚያሳስት ወይም ያላለውን ብሏል የተባለ ምንጭ።

ሁሉንም መልስ እንዲህ ማበጠር ግን አይቻልም። ሕይወት አጭር ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ቢሳሳት ማን ይጎዳል? ስህተቱንስ በዓይኔ አይቼ ላውቀው እችላለሁ?

ማመልከቻ እንዲጽፍልኝ ባደርግ ሳነብበው አውቀዋለሁ። ስሜ ተሳስቶ እንደሆነ፣ ቃሉ ከብዶ እንደሆነ ይታየኛል። የሒሳብ ጥያቄ እንዲያስረዳኝ ብጠይቀው ደረጃ በደረጃ መከተል እችላለሁ። እዚህ ላይ ኤአይ ጥሩ ረዳት ነው፤ ሳልፈራ እጠቀምበታለሁ። «ኤአይ ውሸታም ነው» ብለው ጨርሶ የተዉትም ተሳስተዋል። ድሬ ሳቢያን ሰፈር አካባቢ ማመልከቻ ለማጻፍ ገንዘብ ከፍለው የሚሰለፉ ሰዎች ያንን በነፃ ሊያገኙ ይችላሉ። መድኃኒት ግን ሌላ ነው። መጠኑ ትክክል ይሁን አይሁን በዓይን አይታይም። የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው።

አክስቴን ትኩሳት የያዛት ጊዜ ይህን በደንብ አየሁት። መገጣጠሚያዋን ይቆረጥማታል፤ ከዓይኗ ኋላ ያማታል። ልጇ ኤአይ ጠየቀ። መልሱ ረጅምና የተስተካከለ ነበር። ወባ ወይም ጉንፋን ሊሆን ይችላል አለ። ለሕመሙ ኢቡፕሮፌን መውሰድ እንደሚቻል ጨመረ። አንዳቸውም ጨርሶ የማይመስል ነገር አይደለም። ግን ይህች ከተማ ድሬዳዋ ናት። በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ በወረርሽኝ የገባባት ከተማ ናት። የደንጊ ምልክት ደግሞ አክስቴ የነገረችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደንጊ ሲጠረጠር አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን እንዳይወሰድ ይመክራል፤ የደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ለሕመምና ለትኩሳት የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው።

የወባውም ነገር ለድሬ የተለየ ነው። ብዙው ጽሑፍ ወባን የሚያያይዘው ከዝናብ፣ ከረግረግ፣ ከገጠር ጋር ነው። መሣሪያውም እንደዚያ ይላል። ነገር ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከደቡብ እስያ በኩል የመጣች ትንኝ አለች። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. ጎረቤታችን ጅቡቲ ላይ ነው። ይህች ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በርሜልና ሮቶ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በበጋ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር በርሜሉን ካልከደነ ረግረግ ባይኖርም ወባ አለ። ይህን «በበጋ ወባ ብዙ አያሰጋም» የሚል አጠቃላይ መልስ አይነግራችሁም።

የአክስቴ ልጅ ያንኑ ጥያቄ «እኛ ያለነው ድሬዳዋ ነው» ብሎ ሲጽፍ መልሱ ተለወጠ። ደንጊን አነሳ፤ ስለ ኢቡፕሮፌኑም አስጠነቀቀ። ማለትም መረጃው ውስጡ ነበር። ያልነገሩትን ቦታ ግን አላሰበም። እኛም ኢቡፕሮፌን አልሰጠናትም፣ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የደም ምርመራው ወባ አይደለም አለ። ሐኪሙ ደንጊ ጠረጠረ። ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ አዘዘላት። አገገመች። ከዚያ ወዲህ ጤና ነክ ነገር ከኤአይ ስጠይቅ ዕድሜን፣ ከተማን፣ ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እሱንም እጽፋለሁ። መልሱን ደግሞ ሐኪሙን የምጠይቀው ጥያቄ አድርጌ ነው የምይዘው። ራሱን እንደ ሐኪም አልቆጥረውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ራሴ ብዙ የተጠቀምኩበት ነው። ታይዋን ስልክ የሚጠግን ወዳጄ አዲስ መሣሪያ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው እጁን የቆሸሸበትን ነገር ነው። ዓመታት የፈታውን አንድ የስልክ ዓይነት ይጠይቀዋል። የት ላይ ልክ እንደሆነ፣ የት ላይ እንደፈጠረ ወዲያው ያያል። እናንተም አድርጉት። መምህር ከሆናችሁ የምታስተምሩትን ጠይቁት። ቡና ነጋዴ ከሆናችሁ የሐረር ቡና እንዴት እንደሚደርቅ ጠይቁት። ሰፈራችሁን ጠይቁት። እንዴት እንደሚሳሳት ታውቃላችሁ።

አስቸጋሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በምናውቀው ነገር ላይ ሦስት ስህተት ይዘንበት፣ ወዲያው በማናውቀው ነገር ላይ ስንጠይቀው እናምነዋለን። ስህተቱ እዚያ የጠፋ ይመስለናል። አልጠፋም፤ እኛ ነን የማናየው። የስልክ ጠጋኙ ወዳጄ ስለ ስልክ አንድ ቃል አያሳልፍለትም። ስለ ልጁ ክትባት የጠየቀው ቀን ግን መልሱን እንዳለ ለሚስቱ አነበበላት። ሚስቱ የክትባት ካርዱን አውጥታ ሳታስተያይ አላመነችም። የእሷ አካሄድ ነው ልክ።

የጎረቤቴ ልጅ ቀኑን ካረመ በኋላ ሄዶ አልተኛም። ደቻቱ ዳር የምትኖር አንዲት እናት ጋ ይዤው ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር። ስለዚያ ሌሊት ጠየቃት። ውኃው ከላይ፣ ከደጋው እንደወረደ፣ እነሱ መጀመሪያ የሰሙት ድምፁን እንደሆነ ነገረችው። የሚያልፍ የጭነት መኪና መስሏት ነበር። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ማታ ገጹን አምጥቶ አሳየኝ። ከመጀመሪያው በግማሽ አጥሯል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ይላል። ከታች የመኪናውን ድምፅ ጨምሮበታል። ስሟ እንዳይጻፍ ስለጠየቀችው «የሰፈሩ ነዋሪ» ብሎ አልፎታል።